ፕሮግራመሯ የነደፈችው ቺፕ፦ የአርም አወላለድ

ስልካችሁ ቴክኖም ይሁን ሳምሰንግ ወይም አይፎን፣ ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር የሚገባው የትዕዛዝ ቋንቋ አርም ይባላል። እስካሁን ከ250 ቢሊዮን በላይ የአርም ቺፖች ተመርተዋል። የዚህን ቋንቋ የመጀመሪያ ቅጂ የነደፈችው ሶፊ ዊልሰን የምትባል እንግሊዛዊት ናት። አብሯት የሠራው ስቲቭ ፈርበር ነው። ሥራውን ሲጀምሩ ሁለቱም ፕሮሰሰር ነድፈው አያውቁም ነበር።

ጉዳዩን የመረጥኩት በምክንያት ነው። እኛ ጋ ኤሌክትሪካል ምህንድስና የገባ ተማሪ የሆነ ዓመት ላይ ሲደርስ ስትሪም ይመርጣል፦ ኮምፒውተር፣ ኮሙኒኬሽን፣ ፓወር፣ ኮንትሮል። ከዚያ በኋላ አንዱ "እኔ የሃርድዌር ሰው ነኝ" ይላል፣ ሌላው "እኔ ኮድ ነው የምጽፈው" ይላል። አንዴ እንዲህ ያለ ሰው ወደ ሌላኛው ወገን ዞር ብሎ አያይም። ዊልሰን ይህን መስመር አታውቀውም። ቦርድ ነድፋለች። ለቦርዱ ሶፍትዌር ጽፋለች። ፕሮሰሰር ነድፋለች። ገና በእግራቸው ባልቆሙ ድርጅቶች ውስጥም ሠርታለች። እኔ የምለው ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ አርም ጥሩ ሆኖ የወጣው ነዳፊዋ ለዓመታት ከፕሮሰሰር ጋር ትዕዛዝ በትዕዛዝ ስትታገል የኖረች ፕሮግራመር ስለነበረች ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከላም መኖ እስከ ቢቢሲ

ዊልሰን የተወለደችው በ1957 በሊድስ ነው። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች በእረፍቷ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ሠራች። ሥራው የላሞችን መኖ መቆጣጠር ነበር። ፕሮሰሰሩ 6502 ይባላል። በጊዜው ርካሽና ታዋቂ የነበረ፣ ወደ 3,500 ትራንዚስተር ብቻ ያለው ባለ 8 ቢት ቺፕ ነው። በ1978 መጨረሻ ሄርማን ሃውዘርና ክሪስ ከሪ የኋላውን አኮርን ኮምፒውተርስ ሲያቋቁሙ፣ የመጀመሪያውን ኮምፒውተራቸውን የነደፈችላቸው እሷ ናት።

1981 ላይ ትልቁ ዕድል መጣ። ቢቢሲ ሕዝቡን ኮምፒውተር ለማስተማር አስቦ የራሱን ስም የያዘ ኮምፒውተር የሚያመርትለት ድርጅት እየፈለገ ነበር። ሰኞ ዕለት ሃውዘር ለዊልሰን ደወለ። የቢቢሲ ሰዎች አርብ ይመጣሉ፣ እስከዚያ የሚሠራ ናሙና ይደርሳል ወይ? አይሆንም አለች። ለፈርበር ደወለ። እሱም አይሆንም አለ። ሃውዘር እንደገና ደወለና ለእሱ "ሶፊ ትችላለች፣ እሺ ብላለች" አለው። ለእሷም "ስቲቭ እሺ ብሏል" አላት። ሁለቱም ገቡበት።

ሳምንቱን ሙሉ ሽቦ ሲያገናኙ ሰነበቱ። ሐሙስ ሌሊቱን አደሩ። ቦርዱ ግን አልነሳ አለ። አርብ ጠዋት ሃውዘር ናሙናውን ከመሥሪያ ኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ቁረጡት አለ። ቆረጡት፤ ተነሳ። ከዚያ እንግዶቹ እስኪመጡ ባለው ሰዓት ዊልሰን ሶፍትዌሩን ጫነችበት። ውሉ ለአኮርን ሆነ፤ ኮምፒውተሩም ቢቢሲ ማይክሮ ተባለ። መጀመሪያ የተገመተው ሽያጭ 12,000 ኮምፒውተር ነበር። በመጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሸጠ።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን ከዚያ የቀጠለው ነው። የኮምፒውተሩን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ቢቢሲ ቤይሲክን፣ የጻፈችው ዊልሰን ናት። ሁሉም ነገር 16 ኪሎባይት ሮም (ይዘቱ የማይቀየር ሜሞሪ) ውስጥ መግባት ነበረበት። ዛሬ በቴሌግራም የምንልከው ተራ ፎቶ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የተጻፈው በ6502 አሴምብሊ፣ ማለትም በራሱ በፕሮሰሰሩ ትዕዛዞች፣ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ አንድ ባይት ማባከን አይቻልም። አንድ ትዕዛዝ ስንት ክሎክ (የፕሮሰሰሩ ምት) እንደሚፈጅ በቃል መታወቅ አለበት። ቤይሲክ ደግሞ የተጠቃሚውን ፕሮግራም እያነበበ እዚያው የሚፈጽም ስለሆነ ቀርፋፋ ከሆነ ሁሉም ሰው ያየዋል። የዊልሰን ቤይሲክ በፍጥነቱ የተመሰገነ ነበር።

እንዲህ ዓይነት ሥራ ሰውን ያስተምራል። ፕሮሰሰሩ የትኛውን ትዕዛዝ በቀን ሚሊዮን ጊዜ እንደሚፈጽም፣ የትኛውን ደግሞ ማንም እንደማይነካው ታውቁታላችሁ። የት ላይ እንደሚያናድድም ታውቁታላችሁ። ፕሮሰሰር የሚነድፉ ብዙ ሰዎች ይህን የሚያዩት ከሩቅ ነው።

ገበያ ላይ ያሉት አልጣሟቸውም

1983 ላይ 8 ቢት ኮምፒውተር ጊዜው እያለፈ መሆኑ ግልጽ ነበር። አኮርን ለቀጣዩ ኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ሲፈልግ የሞቶሮላን 68000 እና የናሽናል ሰሚኮንዳክተርን 16032 ፈተሸ። ሁለቱም በወረቀት ላይ ግሩም ናቸው። ሲሞከሩ ግን ዊልሰንና ፈርበርን ያበሳጨ ነገር ተገኘ።

የኮምፒውተር ፍጥነት ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ፕሮሰሰሩ በሴኮንድ ከሜሞሪ ስንት ባይት ማንሳት እንደሚችል ነው። በዚያ ዘመን ሜሞሪ ከቦርዱ ላይ ውዱ ነገር ነበር። እነዚህ አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ግን የተገዛውን ሜሞሪ አቅም አሟጠው አይጠቀሙበትም። ውስብስብ ትዕዛዝ ሲፈጽሙ ሜሞሪው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሌላም ችግር ነበር። አንዳንዶቹ ትዕዛዞች በጣም ረጅም ስለሆኑ፣ ዲስኩ ወይም ኪቦርዱ "አቤት በለኝ" ሲል ፕሮሰሰሩ ቶሎ አይመልስም። ትንሹ 6502 በዚህ በኩል ይበልጣቸው ነበር።

ልብ በሉ፣ ይህን ችግር ያዩት ሶፍትዌሩንም ቦርዱንም የሠሩ ሰዎች ስለሆኑ ነው። የቺፕ ሻጭ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ስንት ዓይነት ትዕዛዝ እንዳለው ነው። ሜሞሪው ስንት ጊዜ ሥራ እንደሚፈታ አይጻፍም።

በዚሁ ጊዜ ከአሜሪካ፣ ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ የእነ ዴቪድ ፓተርሰን ጥናቶች ደረሷቸው። ሐሳቡ ሪስክ ይባላል። ትዕዛዞቹ ጥቂትና ቀላል ይሁኑ፣ እያንዳንዱም በፍጥነት ይለቅ ነው ነገሩ። ጥናቶቹ አንድ ሌላ ነገርም ይናገሩ ነበር፦ በዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች በአጭር ጊዜ ጥሩ ፕሮሰሰር ነድፈው ማሠራት መቻላቸውን። የቺፕ ኢንዱስትሪው ግን ገና አላመነበትም ነበር።

ፊኒክስ ላይ የታየው ቤት

ዊልሰንና ፈርበር በ1983 ወደ አሪዞና፣ ፊኒክስ አካባቢ ሄዱ። የሄዱት የ6502ን ታናሽ ወንድሞች የሚነድፈውን ዌስተርን ዲዛይን ሴንተርን ለመጎብኘት ነው። ባለቤቱ ቢል ሜንሽ ከ6502 ነዳፊዎች አንዱ ነው። የጠበቁት ትልቅ ሕንጻና ብዙ መሐንዲስ ነበር። ያገኙት ሰፈር ውስጥ ያለ መኖሪያ ቤት ነው። ጥቂት ሰዎች ባለ 16 ቢት ፕሮሰሰር እየነደፉ ነው። አንዳንዶቹ ተማሪዎች ናቸው፣ ከመሣሪያዎቻቸው መካከል አፕል 2 ኮምፒውተር አለ።

ከዚያ ሲመለሱ አንድ ነገር በልባቸው ይዘዋል። እነዚህ ከቻሉ እኛም እንችላለን።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ይህን ጉዞ ከሁሉ በላይ እወደዋለሁ። በጉዞው አዲስ ቴክኒክ አልተማሩም። የተማሩት ፕሮሰሰር መንደፍ የትልቅ ድርጅት ብቻ ሥራ አለመሆኑን ነው። ይህን በመጽሐፍ አንብቦ ማመን ከባድ ነው። ሄዶ ማየት ይጠይቃል። ከሀገር ውጭ የሚሠሩ የእኛ መሐንዲሶች ለክረምት ሲመጡ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ትንሽ ቡድናቸው እንዴት እንደሚሠራ ቢያሳዩ ብዙ ነገር ይቀየር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሃውዘር ፈቃዱን ሰጠ። ፕሮጀክቱ በኦክቶበር 1983 ተጀመረ። አኮርን ሪስክ ማሽን ተባለ፣ በአጭሩ አርም።

ዊልሰን ምን ነደፈች?

ሥራውን ተከፋፈሉት። የትዕዛዝ ስብስቡን ዊልሰን ያዘች፤ ፕሮሰሰሩ ምን ዓይነት ትዕዛዝ ይገባዋል የሚለውን ማለት ነው። ያንን የሚፈጽመውን የውስጥ አሠራር ፈርበር ያዘ። ሁለቱ ግን ተራርቀው አልሠሩም። እሷ አንድ ትዕዛዝ ስታስብ እሱ ስንት ትራንዚስተር እንደሚበላ ይነግራታል። እሱ አንድ ነገር ሲያቀልል እሷ ፕሮግራሙ ላይ ምን እንደሚያመጣ ትነግረዋለች።

አንዱን ሐሳቧን ቀረብ ብለን እንየው። ሁለት ቁጥሮች አሉን፦ 48 እና 18። ትልቁን የጋራ አካፋያቸውን እንፈልግ። ዘዴው የታወቀ ነው፣ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ከትልቁ ላይ ትንሹን መቀነስ። ከ48 ላይ 18 ሲቀነስ 30። ከ30 ላይ 18 ሲቀነስ 12። አሁን ትልቁ 18 ሆነ፤ 12 ሲቀነስለት 6። ከ12 ላይ 6 ሲቀነስ 6። እኩል ሆኑ፣ መልሱ 6 ነው።

ይህን በተለመደው ፕሮሰሰር ስትጽፉት ታወዳድራላችሁ፣ "ይህኛው ከበለጠ ወደዚያ ዝለል" ትላላችሁ፣ ቀንሳችሁ ትመለሳላችሁ፣ በሌላኛው በኩልም እንዲሁ። ዝላይ ደግሞ ውድ ነው። ፕሮሰሰሩ ቀጣዮቹን ትዕዛዞች አስቀድሞ ያነሳል። ሲዘል ያነሳቸውን ጥሎ እንደ አዲስ ይጀምራል። በዊልሰን አርም ላይ ግን ሥራው አራት ትዕዛዝ ነው። አንደኛው አወዳድር ይላል። ሁለተኛው የመጀመሪያው ከበለጠ ሁለተኛውን ቀንስለት። ሦስተኛው ሁለተኛው ከበለጠ የመጀመሪያውን ቀንስለት። አራተኛው እኩል ካልሆኑ ወደ ላይ ተመለስ። አለቀ።

ምስጢሩ እያንዳንዱ ትዕዛዝ ራሱ ላይ "እንዲህ ከሆነ ብቻ ፈጽመኝ" የሚል ምልክት መያዙ ነው። አንድ ትዕዛዝ 32 ቢት ነው፤ ከዚያ ውስጥ 4 ቢት ለዚህ ሁኔታ ተመደበ። ሁኔታው ካልተሟላ ትዕዛዙ አንድ ክሎክ ወስዶ ምንም ሳያደርግ ያልፋል። በአጫጭር "ይህ ከሆነ" ኮድ የተሞላ ፕሮግራም ለጻፈ ሰው ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። እሷ ደግሞ እንዲህ ያለ ኮድ ስትጽፍ ዓመታት አሳልፋለች።

ሌላው ሐሳቧ ብዙ ሬጅስተሮችን (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ትንንሽ የቁጥር ማስቀመጫዎችን) በአንድ ትዕዛዝ ከሜሞሪ መጫንና ወደ ሜሞሪ ማስቀመጥ ነው። የጥናቱ ዓለም ሪስክ ትዕዛዙ አንድ ቀላል ሥራ ብቻ ይሥራ ይል ስለነበር ይህ ሕግ የጣሰ ይመስላል። ግን ምክንያት ነበረው። የዚያን ጊዜ ሜሞሪ በተከታታይ አድራሻ ሲነበብ ከተበታተነ አድራሻ ይልቅ በጣም ይፈጥናል። ወፍጮ ቤት ለእያንዳንዷ ጣሳ ከመመላለስ ኩንታሉን በአንዴ አስጭኖ መሄድ እንደማለት ነው። የከፈሉበትን ሜሞሪ አሟጦ መጠቀም መጀመሪያ ያበሳጫቸው ጥያቄ አልነበር? መልሱ እዚህ ገባ።

ለኢንተራፕትም፣ ቅድም ላየነው "አቤት በለኝ" ጥሪ፣ ዘዴ ተበጀለት። አኮርን ዲስክና ሜሞሪን ለብቻ የሚያገናኝ ውድ ቺፕ መግዛት አይፈልግም ነበር። ስለዚህ አስቸኳይ ኢንተራፕት ሲመጣ ፕሮሰሰሩ ለዚያ ብቻ የተቀመጡ ሬጅስተሮች ይጠቀማል። የነበረውን ማስቀመጥና መመለስ አያስፈልግም። ማባዣ ትዕዛዝ ደግሞ በመጀመሪያው ቺፕ ላይ ጭራሽ አልተካተተም። በሁለተኛው ነው የመጣው። የሚጣለውን መምረጥም ችሎታ ይጠይቃል፣ እና በእኔ እምነት ከመጨመር ይከብዳል።

ቺፑ ሳይሠራ በፊት ሶፍትዌር ሆኖ ሮጠ። ዊልሰን የትዕዛዝ ስብስቡን ሲሙሌተር በቢቢሲ ቤይሲክ ጻፈች። ፈርበርም የውስጡን አሠራር ሞዴል በዚያው በቤይሲክ ጻፈ፤ 808 መስመር ነው። ማለትም እሷ በጻፈችው ቋንቋ፣ እነሱ በሠሩት ኮምፒውተር ላይ፣ ቀጣዩን ፕሮሰሰር ሞከሩት። ሲሊኮኑ እስኪደርስ ድረስ የሚጫንበት ሶፍትዌርም እየተዘጋጀ ቆየ።

ዜሮ ያለው አሚተር

የመጀመሪያዎቹ ቺፖች ከቪኤልኤስአይ ቴክኖሎጂ ፋብሪካ አፕሪል 26 ቀን 1985 ደረሱ። 25,000 ገደማ ትራንዚስተር አላቸው። በዚያው ዓመት የወጣው የኢንቴል 386 የያዘው 275,000 ነው። ቺፑ ቦርድ ላይ ተሰካና የመጀመሪያው ዕለት ሠራ። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የመጀመሪያ ቺፕ ብዙ ጊዜ ስህተት ይዞ ይመጣል፣ ተስተካክሎ እንደገና እስኪመረት ወራት ይወስዳል።

ፈርበር ቺፑ ስንት ኃይል እንደሚፈጅ ለመለካት አሚተር ገጠመ። አሚተሩ ዜሮ አለ። ቺፑ ግን ፕሮግራም እያስኬደ ነው። ሲያጣሩ ቦርዱ ላይ ችግር ተገኘ። ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚሰጠው መስመር ጭራሽ አልተገናኘም። ቺፑ ሲሠራ የቆየው ከሌሎቹ ቺፖች በሲግናል መስመሮቹ በኩል በምትገባው፣ በመከላከያ ዳዮዶቹ አልፋ በምትደርሰው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነበር።

ኃይል መቆጠብ ግን ዋና ግባቸው አልነበረም። የፈለጉት ቺፑ በርካሽ የፕላስቲክ ሽፋን እንዲታሸግ ነው። ለዚያ ከአንድ ዋት በታች መፍጀት አለበት፤ ከበለጠ ሙቀቱን የሚችል ውድ ሴራሚክ ያስፈልጋል። ኃይልን አስቀድሞ በትክክል የሚያሰላ መሣሪያ ስላልነበራቸው በየደረጃው ጠንቀቅ አሉ። ሲለካ የአንድ ዋት አንድ አሥረኛ ገደማ ሆነ። ያኔ ማንም ስለ ስልክ አላሰበም። ከዓመታት በኋላ ባትሪ ላይ የሚሠራ ዕቃ ዓለምን ሲሞላ ግን አርምን ተፈላጊ ያደረገው ይህ ነው።

ጥሩ ቺፕ፣ የሚታመም ድርጅት

ቺፑ ሲደርስ አኮርን ራሱ እየሰመጠ ነበር። የ1984 የገና ገበያ ለቤት ኮምፒውተር ሻጮች ክፉ ሆነ። መጋዘን በዕቃ ሞላ። በፌብሩዋሪ 1985፣ አርም ከመድረሱ ሁለት ወር በፊት፣ የጣሊያኑ ኦሊቬቲ የድርጅቱን ግማሽ ሊሆን ምንም ያልቀረው ድርሻ ገዛ። ገዢው በቤቱ ውስጥ ፕሮሰሰር እየተነደፈ መሆኑን አያውቅም ነበር።

የቺፑ ሁለተኛ ቅጂ በ1987 አርኪሜዲስ የተባለ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ፈጣን ነበር። ግን ዓለም ወደ አይቢኤም ፒሲ ሄዷል። የአርኪሜዲስ ደንበኛ በአብዛኛው የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ሆኖ ቀረ። ጥሩ ምህንድስና ብቻውን ገበያ አያመጣም፣ ይህን ማየት ያማል።

በር የከፈተው አፕል ነው። በእጅ ለሚያዘው ኒውተን የሚሆን ትንሽ ኃይል የሚፈጅ ፕሮሰሰር ፈለገ። አኮርን ተፎካካሪው ስለሆነ በቀጥታ ከእሱ መግዛት አልተመቸውም። ስለዚህ በኖቬምበር 1990 አርም ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ። አኮርን ቴክኖሎጂውንና 12 መሐንዲሶችን ሰጠ። አፕል ገንዘብ አዋጣ። ቪኤልኤስአይም የንድፍ መሣሪያና ጥቂት ገንዘብ ጨመረ። ሥራ የጀመሩት ካምብሪጅ አጠገብ ስዋፍሃም ቡልቤክ በምትባል መንደር፣ የእህል ጎተራ የነበረ ቤት ውስጥ ነው። ሮቢን ሳክስቢ ሥራ አስኪያጅ ሆነ።

የጎተራው ቡድን ፋብሪካ መሥራት አይችልም። በራሱ ስም ቺፕ አምርቶ ከትልልቆቹ ጋር መፎካከርም አይችልም። ስለዚህ ንድፉን ሸጠ። ድርጅቶች ላይሰንስ ከፍለው ይወስዱታል፣ ከዚያ ከሚያመርቱት እያንዳንዱ ቺፕ ትንሽ ሮያሊቲ ይከፍላሉ። ኒውተን በ1993 ወጥቶ ገበያ ላይ ከሸፈ። ድርጅቱ በአንድ ደንበኛ ላይ ቢንጠለጠል ኖሮ አብሮ ይወድቅ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ላይሰንስ ወሰደ። በእሱ በኩል ኖኪያ መጣ።

ኖኪያ አንድ ቅሬታ ነበረው። የአርም ትዕዛዝ 32 ቢት ስለሆነ ፕሮግራሙ ብዙ ሜሞሪ ይፈልጋል፣ ሜሞሪ ደግሞ ስልኩን ያስወድደዋል። አርም ተምብ የሚባል መፍትሔ አመጣ። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጉትን ትዕዛዞች በ16 ቢት ጻፋቸው፣ የፕሮግራሙ መጠን በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በ1997 መጨረሻ የተዋወቀው ኖኪያ 6110 በዚህ ሠራ። ብዙዎቻችን የምናስታውሳት ኖኪያ 3310ም ውስጧ ይኸው ፕሮሰሰር ነበር። እንደገና ልብ በሉ፣ ችግሩ የሜሞሪ ነው፣ መፍትሔው ደግሞ ፕሮግራሙ ምን እንደሚመስል በማየት የመጣ ነው።

የቀሩት ሁለት ሰዎች

ዊልሰን ወደ አዲሱ ድርጅት አልሄደችም። አኮርን ቀርታ ለአርም አማካሪ ሆነች። ፈርበር በ1990 ወደ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሄደና አንድ ሚሊዮን የአርም ኮር ያለውን ስፒናከር የተባለ የአንጎል አስመሳይ ኮምፒውተር የሠራውን ቡድን መራ።

ዊልሰን አኮርን ውስጥ ሌላ ፕሮሰሰር ጀመረች። ስሙ ፋየርፓዝ ነው። በስልክ መስመር ኢንተርኔት ለሚሰጠው ዲኤስኤል የታሰበ ነበር። የቴሌ ማዕከል ውስጥ ያለ አንድ ቺፕ የብዙ ቤቶችን መስመር በአንድ ጊዜ ማስላት አለበት። ስለዚህ ፋየርፓዝ አንድ ትዕዛዝ በብዙ ቁጥሮች ላይ በአንዴ ይፈጽማል። "ይህ ከሆነ ብቻ ፈጽም" የሚለው የድሮ ሐሳቧም እዚህ ለእያንዳንዱ ቁጥር ለየብቻ ተሠራ። አኮርን በ1999 ሲፈርስ ቡድኑ ኤለመንት 14 በሚል ስም ስታርትአፕ ሆነ። 14 በኬሚስትሪ የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ የሲሊኮን ቁጥር ነው። በ2000 የአሜሪካው የቺፕ ድርጅት ብሮድኮም ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሚገመት አክሲዮን ገዛው።

በ2022 ዊልሰንና ፈርበር ከፓተርሰንና ከጆን ሄነሲ ጋር የቻርልስ ስታርክ ድሬፐርን የምህንድስና ሽልማት ተጋሩ። ሪስክን ያሰቡትና ከሐሳቡ ዕቃ ያወጡት አንድ መድረክ ላይ መቆማቸው ተገቢ ነው።

የማልስማማበት ነገር

ሃውዘር ለአርም መሳካት ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ታዋቂ ነው። እኔ ለቡድኑ ኢንቴልና ሞቶሮላ ለሠራተኞቻቸው ያልሰጡትን ሁለት ነገር ሰጥቻለሁ፣ ገንዘብ አልሰጠሁም፣ ሰውም አልሰጠሁም ይላል። ስታርትአፕ ላይ ያሉ ሰዎች ይህን ይወዱታል። ግማሹ እውነት ነው። ሰውና ገንዘብ ሲያጥር ቀላል ነገር ትሠራላችሁ።

ግን ችጋር ብቻውን ጥሩ ቺፕ አይወልድም። በዚያ ዘመን ገንዘብም ሰውም ያጠራቸው ብዙ ድርጅቶች ነበሩ፣ ስማቸውን ማንም አያስታውስም። አኮርን ገንዘብ ባይኖረውም ሌላ ነገር ነበረው። አንድ ተኩል ሚሊዮን ኮምፒውተር ላይ የሚሮጥ ሶፍትዌር የጻፈች ሰው ነበረችው። ያንን ኮምፒውተር የነደፈ ሰው ነበረው። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ይነጋገሩ ነበር። ወጣት ቡድኖችን "ገንዘብ የለህም፣ ጥሩ ነው፣ አርምም እንዲህ ነበር" ማለት አይገባም። ለእነሱ የሚያስፈልጋቸው ያ እውቀት እስኪጠራቀም የሚጠብቃቸው ደመወዝና የሚሸጥ ዕቃ ነው። ቢቢሲ ማይክሮ ለአኮርን ይህን ሰጥቶታል።

ስለ ንድፉም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ያ የሚያምረው "ይህ ከሆነ ብቻ ፈጽመኝ" በ2011 የመጣው ባለ 64 ቢቱ አርም ላይ በአብዛኛው ቀረ። ብዙ ሬጅስተር በአንዴ የሚጭነውም በጥንድ ጥንድ በሚጭን ተተካ። ዘመናዊ ፕሮሰሰር ዝላዩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይገምታል፣ ትዕዛዞችንም ቅደም ተከተላቸውን ቀይሮ ይፈጽማል። ለእሱ በየትዕዛዙ ላይ ያለ ሁኔታ ሸክም ሆነ። 4 ቢቱም ለሌላ ሥራ ተፈለገ። የዊልሰን ውሳኔ ግን ስህተት አልነበረም። በ25,000 ትራንዚስተር፣ ያለ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ)፣ በ1985 ሜሞሪ ላይ ትክክለኛው መልስ ያ ነበር።

ይህን መሥመር እኛ ጋ መሞከር የሚፈልግ ተማሪ ዛሬ ፋብሪካም ላይሰንስም ሳይጠብቅ መጀመር ይችላል። የሪስክ ጥናቶች የወጡበት በርክሌይ በ2010 ሪስክ ፋይቭ የተባለ፣ ማንም ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት የትዕዛዝ ስብስብ ጀመረ። መሠረታዊው ክፍል 40 ገደማ ትዕዛዝ ብቻ ነው። ፈርበር በ808 መስመር ቤይሲክ እንዳደረገው ሁሉ ሲሙሌተሩን በፓይተን መጻፍ ይቻላል፤ አንድ ላፕቶፕ ይበቃል። ከዚያ የ48 እና የ18ን ፕሮግራም በሪስክ ፋይቭ አሴምብሊ ጽፋችሁ አስኪዱበት። በእያንዳንዱ ዙር ስንት ትዕዛዝና ስንት ዝላይ እንደሚፈጅ ቁጠሩና ከዊልሰን አራት ትዕዛዝ ጋር አወዳድሩት።